ለበርበሬው የተቀቀለ ማሽላ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት እናት ማሳ ላይ ቆሜ አንድ ከረጢት የተቀቀለ ማሽላና አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጠኋቸው። ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ የእርሻ ጣቢያ የሰብል በሽታ ክፍል ከተቀጠርሁ ብዙም አልቆየሁም።

ሴትዮዋ ባላቸው ሞቶባቸው ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ማሽላቸው ደርቆ የቀራቸው ከወንዝ በቦይ የሚያጠጡት በርበሬ ብቻ ነበር። እሱም ሥሩ እየበሰበሰ ይጠወልግ ጀመር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሩቅ አይቶኝ፣ “ጓድ ሻጋታ መጣች!” አለ። “ሰው ሻጋታ ያጠፋል፣ አንቺ ታመጫለሽ!” ወደ እሳቸው ዞሮ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እትየ፣ ይሄ በርበሬ ከሞተ ለሰፈራ መመዝገብዎ ነው።”

ማሽላው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ይህ ሻጋታ ሥር የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ይበላል። ጠርሙሱ ውስጥ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ አለ፤ እሱ ሥሩ ላይ ተጣብቆ በሽታውን ይከለክላል። ጣቢያው ውስጥ ስንሞክራቸው አንዱ ብቻውን አልበቃም፤ አብረው ሲገቡ ግን ችግኙ ይተርፍ ነበር።

“ውሃውን ሥሩ ላይ ያፍስሱ፤ ማሽላውን እዚያው ይቅበሩት” አልኋቸው፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ከረጢቱን ከፍተው ማሽላውን አዩት። “እህሉን ነው የምቀብረው?”

“አዎ እማማ። ሁለቱ ካልተገናኙ አይሠሩም።”

“እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ።”

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ አብዛኛው በርበሬ ወድቋል። አፈሩን ጫር ጫር አደረግሁት፤ አንድም የማሽላ ፍሬ የለም።

“ውሃውን አጠጥቻለሁ” አሉ። “ወላሂ፣ አንድ ሥር አልዘለልኩም።”

“ማሽላውስ?”

“አሽቼ አጠብኩት። አሰጣሁትና ፈጭቼ ቂጣ አደረግኩላት። ልጅ እያለቀሰች እህል አፈር ውስጥ ይቀበራል እንዴ?”

“አላመማችሁም?”

“አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አላለን።” ቀጥለው ቀስ ብለው፣ “ይቅር በይኝ” አሉኝ።

ይቅር የሚባል ነገር አልታየኝም። ሌላ ላምጣ ብዬ የቀረውን በርበሬ አየሁት፤ ጊዜው አልፎ ነበር።

ሰፋሪዎቹን የሚወስደው የጭነት መኪና የመጣ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መንገድ ዳር ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ስም ይጠራል፤ ያን ቀን አልቀለደብኝም። እሳቸው የልጅቱን እጅ ይዘው ተሰልፈዋል። ሲያዩኝ ከጓዛቸው መሐል ጠርሙሴን አወጡ። ንጹሕ ሆኖ ታጥቧል።

“የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ይጠይቁሻል ብዬ።” እንባዬን ሲያዩ፣ “አብሽሪ” አሉኝ። “አላህ ካለ እንገናኛለን።”

መኪናው በሮቢት በኩል ወደ ደቡብ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለሻጋታው ማሳደጊያ የተቀመጠውን ማሽላ ሳልቀቅለው ለጎረቤታቸው ወሰድሁላት፤ የእሷም በርበሬ መጠውለግ ጀምሮ ነበር። ከአውድማዋ ዳር የከረመ እብቅ ጠርጌ ይዤ ተመለስሁ። በማሽላው ፈንታ እሱን ቀቀልሁት። ሲበርድ ሻጋታውን ዘራሁበት፤ ይያዝ አይያዝ አላውቅም ነበር።