ሴት የያዘቻት ሞተር

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት፣ የቢሮ በር ሁሉ ቀለም ቀለም በሚሸትበት ዘመን፣ እኔ ለክትባት አቦቦና ጎግ በራሴ ሞተር ሳይክል የምወርድ ነርስ ነበርኩ። ያስተማረኝ ባሌ ነው፤ መምህር ነበር። ከኋላዬ እየሮጠ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው!» እያለ ሲጮህ ሰፈርተኛው በሳቅ ይሞታል። እሱ ግን «ተያቸው፣ ነገ መንገድ ይለቁልሻል» ይለኝ ነበር። ወይኔ ሞኟ! በደመወዜ የገዛኋት ሞተር ሊብሬ በስሙ ሲወጣ እንኳ «አንድ ቤት አይደለን?» አልኩ።

አንድ ጊዜ የምንጭነው ዕቃ በዝቶ ሞተሯን ቤት አቁሜ በመኪና ጎግ ሄድኩ። ስመለስ ሻይ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ለሽያጭ የቀረበች ሞተር፤ ሴት የያዘቻት፣ ከከተማ ወጥታ የማታውቅ» ይላል። የየትኛዋ እመቤት ትሆን ብዬ ልስቅ ስል የእጅ ጽሑፉን አወቅኩት።

«ሞተሬን ልትሸጣት ነው?» አልኩት።

«ሞተሯን» አለኝ። «ሚስትህ ገጠር ስትዞር አንተ ቤት ትጠብቃለህ እያሉ መምህራኑ መሳቂያ አደረጉኝ። በቃኝ።»

«እኔስ? መጓጓዣ የሌለው ነርስ ካርድ ክፍል እንደሚቀመጥ ታውቅ የለ?»

«ካርድ ክፍል ምን አለው? ጥላ ነው።»

«ከከተማ አልወጣችም ያልከውስ?»

«ሴት የያዘቻት ከተባለ ቶሎ ትሸጣለች። ሴት እንደ ዕንቁላል ነው የምትይዘው ይላሉ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ሞተሯስ ብትጥለኝም አንስታ ቤቴ አድርሳኛለች።

በማግስቱ ከኢታንግ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ሊያያት መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ዞር ዞር ብሎ አያትና «ሲስተር፣ የያዟት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ባሌ በዓይኑ ለመነኝ። እኔ ግን ካርድ ክፍሉ ታየኝ፤ ዝም ብል እዚያው ማርጀቴ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጎግ ድረስ ተመላልሼባታለሁ። ጭቃ ላይ ስንቴ እንደወደቅን እግዜር ይቁጠረው። ፒስተኗም ተቀይሯል።» እፍረቴን ጥዬ ቀሚሴን ከፍ አደረግኩና ባቴን አሳየሁት። «ይኸው፣ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ያቃጠለኝ!»

ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ ባሌ ዞረ። ያንን ቁስል ሳምንት ሙሉ በእጁ ቅባት የቀባልኝ ባሌ ሳቀ።

«አይስሟት፣ ስለምትወዳት ነው» አለው። «ከገበያ አልፋባት አታውቅም። ያቃጠላት ምድጃ ነው።»

የሰውየው ፊት ፈታ አለ። ቁልፉን ተቀብሎ ሲያበቃ እጄን ጨበጠኝ።

«አይዞዎት ሲስተር» አለኝ ከልቡ አዝኖ፤ «ምድጃ ላይ ግን ይጠንቀቁ።»