ዕንቁላል የነካው መጥበሻ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቋርጥ የመጨረሻ ጽሕፈቴ ከሰሌዳ የገለበጥኩት ማስታወሻ ነበር። አሁን እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት ልጅ ናት። በዚህ ሳምንት ከምሠራበት ማዶ፣ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ፣ ሕፃን አዝላ ድንች መጥበስ ጀምራለች። እጇ አያርፍም። ድንቹን ታገላብጣለች፣ ዞር ብላ የልጇን አፍንጫ ትጠርጋለች፣ ደግሞ መንገዱን ታያለች። ላናግራት ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለቴም አፍሬ ተቀመጥኩ።

እኔም ደብረ ታቦር ላይ ሥራ ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ለሩዝ አረም ይፋግ ወርዷል። ድንቹ ከገሳይ፣ ከአባቴ ቤት ይላክልኛል። ሴቷ ልጄ አራት ዓመቷ፣ ወንዱ ገና ሁለት አልሞላውም። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ምድጃ፣ አግዳሚ ወንበርና አንድ መጥበሻ ይዤ ተቀመጥኩ። ንግድ ማለት ተቀምጦ መሸጥ ይመስለኝ ነበር። መቀመጥ የት ተገኝቶ! ከሰል ላራግብ ስል ልጅቱ መንገድ ትገባለች፤ እሷን ስመልስ ድንቹ ያራል፤ ድንቹን ሳወጣ ጀርባዬ ላይ ያለው ያለቅሳል።

ፍልሰታ ሲገባ ገበያው ደራ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የጾመ ሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ይፈልጋል። ከሁሉም ቀድመው የሚመጡት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት መነኩሲት ነበሩ። አንድ ጥቅል ገዝተው ቤታቸው ይወስዳሉ። ሌላው ሰው «እማሆይ ከገዙማ ንጹሕ ነው» እያለ ይከተላቸዋል። የእኔ እንጀራ በእሳቸው እምነት ላይ የቆመ ነበር።

በዚያ ሰሞን ወንዱ ልጄ ታሞ ተነሥቶ፣ ጤና ጣቢያ ዕንቁላል አብይው ተብያለሁ። ሁልጊዜ ቤት ቀቅዬ ነበር የምሰጠው። አንድ ቀን ግን ቅቅሉን እንቢ አለኝ። ቅዳሴ ሳይወጣ እዚያው በመሸጫው መጥበሻ ጠበስኩለት፤ በአመድ ፈትጌ በፈላ ውኃ አጥበዋለሁ ብዬ። ወዲያው ዶፉ ወረደ፤ ልጅቱ ጠፋችብኝ። ከሱቁ ጓሮ አግኝቻት ስመለስ ዝናቡ አባርቶ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። እጄ ሳያስብ ዘይቱን ባልታጠበው መጥበሻ ላይ ገለበጠው።

ለእማሆይና ለአራት ሰዎች ከሸጥኩ በኋላ ነው የመጥበሻው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ቢጫ የዕንቁላል ቅሪት ያየሁት። ክው አልኩ።

«ምነው እህቴ፣ ጅብ አየሽ?» አለኝ ደሴ፣ ደንበኛዬ የሆነ ባለባጃጅ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። መጥበሻውን አውርጄ «ልጅቱን ያዝልኝ» አልኩና፣ ሕፃኑን እንዳዘልኩ በጭቃው ሮጥኩ። እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያላምጣሉ።

«አይብሉ እማሆይ! መጥበሻውን ዕንቁላል ነክቶታል። ለልጄ ጠብሼበት፣ ሳላጥበው…»

ማላመጣቸውን አቆሙ። በአፋቸው ያለውን በወረቀቱ ተቀበሉት።

«አንዱን ውጫለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለሌሎቹስ ነገርሻቸው?»

«አፈርኩ።»

«እኔ ዘንድስ አፍረሽ መጥተሽ የለ! ሂጂ ንገሪያቸው። የእኔን ለንስሐ አባቴ እኔው እናገራለሁ።»

ተመልሼ፣ ገና አግዳሚው ላይ ለነበሩት ለአራቱም ነገርኳቸው። አንዲት እናት ጥቅሉን ቦዩ ውስጥ ወርውረው «በልጅ አሳበሽ ሰው ታስገድፊያለሽ?» አሉኝ። ደሴ «እኔስ ድሮም የተጻፍኩት በግራ፣ ከፍየሎቹ ጋር ነው፤ የተረፈውን ለእኔ» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

በማግሥቱ ለጾም የሚሆን አዲስ መጥበሻ ገዝቼ ቀረብኩ። ሰው በማዶ ያልፋል። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የጸዳውን ወንበር እንደገና እጠርጋለሁ። ወደ ገሳይ ልመለስ ይሆን እያልኩ ሰባት ቀን እንዲህ ሆንኩ።

በስምንተኛው ቀን ቅዳሴ ሲወጣ እማሆይ መጡ። ቤታቸው አልወሰዱትም። ሰው ሁሉ እያየ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠው፣ አማትበው በሉ። ማዶ የቆሙ ሁለት ሴቶች ተያዩና ተሻገሩ። እማሆይ ግን የሚያዩት እነሱን አይደለም፤ ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጅ ነው።

«ዕንቁላሉስ?» አሉኝ።

«ቤትም መቀቀሉን ትቻለሁ እማሆይ። ሰው ያየኛል ብዬ።»

ዛሬ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ፤ ልጁም አምስተኛ ክፍል ደርሷል። አሁንም ጾም ሲገባ ልቤ አይረጋም፤ መጥበሻ አጥቤ አሸትታለሁ፣ ደግሜ አጥባለሁ። ያኔ ትልቁ ጥፋቴ ያልታጠበው መጥበሻ ይመስለኝ ነበር። ሳስበው ግን የከፋው እነዚያ ሰባት ቀናት ናቸው። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ብዬ የልጄን ምግብ ነጠቅሁት፤ ያንንም ጥንቃቄ አልኩት። ማዶ ላለችው ልጅ ልነግራት የተነሣሁት ይኼንን ነው። እማሆይ በዚያው ዓመት ገዳም ገቡ፤ ዳግም አላየኋቸውም። የዚያን ቀን ግን ከወንበሩ ሲነሡ የልጄን ክንድ በሁለት ጣታቸው ለካ አድርገው፣ በቁጣ እንዲህ አሉኝ፦

«ጾሙ የእኛ እንጂ የእሱ አይደለም። አብይው፤ ከስቷል።»