አይችልም ያልኩት መስታወት

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከባለቤቴ ከዘሃራ ጋር ወሎ ሰፈር ካለው የኪራይ ቤታችን ወጣን። ጉዞው የእሷ ነው። ስኳር ዓይኗን እያደበዘዘባት ስለሆነ፣ ጨርሶ ሳይጋረድባት እንጦጦ አናት ላይ ከተሠራው ባለመስታወት ወለል መመልከቻ ቆማ ካዛንቺስን ማየት ተመኘች። እዚያ ሃያ ስምንት ዓመት የኖርንበት ቤትና የእኔ መስታወት መቁረጫ ሱቅ መንገድ ሲሰፋ ከፈረሱ ወዲህ ወደዚያ ዝር ብላ አታውቅም። «ቅርብ ሆኜ አልችልም፤ ከሩቅ ልየው» ትላለች።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት እንከን ልፈልግ ነው። ከተማው መስታወት በመስታወት ሲሆን፣ ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ስቆርጥ የኖርኩትን ሰውዬ «ና እስቲ እየው» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ይህ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለገሃር

የሽሮ ሜዳ ታክሲ ለመያዝ ብዙ ተሰለፍን። «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ በቃ አንድ ሰው ነው!» ይላል ወያላው። ዘሃራ ሳምቡሳውን በፌስታል ታቅፋ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። መስኮቱ በፕላስተር የተለጠፈ ስንጥቅ ነበረው።

«ይሄ ሳምንት አይቆይም» አልኩ ለራሴ ያህል።

ወዲያው ተነስታ ቦታ ቀየረች። በመስታወት ጉዳይ ከእኔ ሌላ ሰው ጠይቃ አታውቅም።

አራት ሰዓት ከሩብ፣ ተራራው ላይ

ከሽሮ ሜዳ በሌላ ታክሲ ዳገቱን ወጣን። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ዘሃራ ሻርፗን ደራርባ እንደ ሙሽራ ትስቃለች። ትኬት ቆርጠን፣ ወለሉ እንዳይጫር ጫማችን ላይ የጨርቅ ሽፋን አጠለቅን። ከተማው የሚታየው ከመስታወቱ ጫፍ ነው፤ እኛ ከቆምንበት ግን አጥሩና ሰማዩ ብቻ ናቸው።

ጠርዙ ላይ ተንበረከክሁ። ሦስት ድርብ ነው፤ አየር የገባበት ቦታ የለም፤ ጎማውም በትክክል ተቀምጧል። በጣቴ አንጓ አንኳኳሁት። ድምፁ ድፍን ነው። በሬ ቢያስሮጡበት አይነቃነቅም። ተናደድኩ።

«ፋዘር! መስታወት አይመታም!» አለ ጥበቃው። «ማለቴ፣ ለማያውቅ ሰው አደጋ አለው። ይነሱልን።»

ፎቶ የሚነሱት ወጣቶች ሳቁ። «ፋዘር ሊሰብሩት ነው!» አለች አንዷ።

ለማያውቅ ሰው! ደሜ ፈላ። ዘሃራ እጅጌዬን ይዛ፣ አንድ እግሯን አንስታ ትጠብቀኛለች።

«ሸምሱ፣ ክብደታችንን ይችላል?»

«አይችልም።»

«እነዚህ ልጆችስ?»

«አላህ ይጠብቃቸው።»

«ወላሂ በል።»

«አይችልም አልኩሽ! እንውረድ!»

ወላሂ አላልኩም። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። እግሯን መለሰችና የጨርቅ ሽፋኑን አወለቀች፤ አጣጥፋ ለጥበቃው ሰጠችው። «ልጄ፣ እነዚያን ልጆች አውርዳቸው» አለችው። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳምቡሳውን በላን።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ወሎ ሰፈር

ገና ከመግባታችን ጎረቤታችን ወይዘሮ አስቴር ብቅ አሉ።

«እንዴት ነበር ዘሃራ? ሰፈርሽን አየሽው?»

«ኧረ ተዪኝ! ሸምሱ ባይኖር ዛሬ ገደል ገብቼ ነበር። አንቺም እንዳትሄጂ።»

ወይዘሮ አስቴር «ባል ማለት እንዲህ ነው» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጉዞ ያስተምራል ይባላል። እኔን ያስተማረኝ ቂም የሚያርፈው ከበደለን ሰው ላይ ሳይሆን ከሚያምነን ሰው ላይ መሆኑን ነው። ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ለማንም ደንበኛ ስለ መስታወት ዋሽቼ አላውቅም። ዘሃራ ሻይ ስትቀዳ ድፍረት አገኘሁ።

«ሌላ ቀን እንደገና ብንሄድስ? ምናልባት ተሳስቼ…»

«ተው እንጂ!» ብላ ሳቀች። «አንተ አይችልም ካልክ አይችልም። በቃ፣ ቀረብኝ።»

ሻዩን አቀበለችኝ። ብርጭቆውን የዘረጋችው ግን እጄ ካለበት ትንሽ አልፋ፣ ማንም ወደሌለበት ነበር።