አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደፊት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን ይቀዳ በነበረበት ወቅት ነው። ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ወንድሜ ሰሎሞን ለትምህርት ወደ ሞስኮ የሄደበት ዕለት እንደነበረ ግን አልረሳም። እንዲህ ያለ ነገር የመጻፍ ልማድ የለኝም። ያን ቀን ከነበርነው ቤተሰብ በሕይወት የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ስለሆንን ነው የጻፍኩት።

የምንኖረው ሾላ ገበያ አጠገብ ነበር። ባለቤቴ ወልዴ አንዲት አሮጌ ሰይቼንቶ፣ ትንሿ ፊያት፣ ነበረችው። ሁለት ሰው ስትጭን ደህና ትሄዳለች። ሦስተኛ ሰው ከገባ የኮተቤን ዳገት አጋምሳ ትቆማለች፤ ወርደን እንገፋታለን። የእናቴ ቤት ኮተቤ ነበር። እግሯን ሲያማት እኛ ጋ አመጣናት። ወልዴም «ያንን ዳገት እማማን ጭኜ ሳልወጣ አልሞትም» ብሎ ፎከረ።

ብዙ ፈልጎ፣ ስምንት መቶ ሃምሳ ከምትባል ከተገለበጠች ፊያት የወጣ ሞተር አገኘ። ከኛዋ ሞተር ይበልጣል። ቦሌ ሚካኤል ጋራዥ የነበራቸው ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ መካኒክ እዚሁ ግቢያችን መጥተው ሊገጥሙት ተስማሙ። ሥራውን የተማሩት ከጣሊያኖች ነው። አራት ቀን ፈጀባቸውና ሰሎሞን በሚሄድበት ቀን ከቀትር በኋላ ጨረሱ።

ሰሎሞን ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር በማለዳ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። እናቴም እቤት ልትመርቀው አልፈለገችም። «የሚሄድ ሰው የሚመረቀው እግሩን ሲያነሣ ነው፤ አየር ማረፊያው እመጣለሁ» አለችው።

ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ሌላ ነበር። ወልዴ እንደ ልጅ ሳቀ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናዋ ወደ ኋላ ሄዳ የዶሮ ቤቱን ገጨች።

«ማርሽ ተሳስተህ ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ሁለተኛ አስገባ። ወደ ኋላ። ሦስተኛውም አራተኛውም ያው። ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩና «ውይ ማርያምን! የዚህ ሞተር አዟዟር በተቃራኒ ነው ለካ!» አሉ። «ማርሹ ያለበትን ካምቢዮ ፈትቼ ውስጡን ካልገለበጥኩት አይሆንም። ሁለት ቀን ስጡኝ።»

«ምን ሁለት ቀን አለ ጋሽ ዘርጋው! አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ የሚነሣው! በዚህ በቤንዚን እጥረት ታክሲ ከየት ይገኛል?» አለ ወልዴ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ ሆና ሁሉን አይታ ኖሮ፣ «ወልዴ፣ መኪናህ አድኃሪ ሆና አረፈችው!» ብላ ሳቀች። ወልዴ ደንግጦ ዙሪያውን አየ። በዚያን ጊዜ አድኃሪ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቅ ነበር። አገሩ ሁሉ «ወደፊት» ይል ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። «ወደፊት የምትሄድበት ማርሽ ጨርሶ የላትም?» አለች።

«ኋላ ማርሽ ሲገባ ወደፊት ትሄዳለች፣ እማማ» አላት ወልዴ።

«ታዲያ ምን ጎደለን? እኔም ደህናው እግሬ አንድ ነው። ደግፉኝ።»

በኋላ ማርሽ ወደፊት ሄድን። ማርሹ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ጋሪ ሳይቀር ቀደመን። ሃያ ሁለትን፣ ዑራኤልን አልፈን ኦሎምፒያ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊሱ የኛን መስመር አስቆመ። እለፉ ሲለን ወልዴ ልማድ ሆኖበት አንደኛ አስገባ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተፈናጠረች። ከኋላችን የነበረው የመንግሥት መኪና በጡሩንባ አናወጠን፤ ለጥቂት ነው ያልገጨነው።

ትራፊኩ እያፏጨ መጣ። «ሂድ ሲሉት የሚያፈገፍግ ሹፌር ዛሬ ገና አየሁ! መንጃ ፈቃድ! ሊብሬ!»

ወልዴ አውጥቶ ሰጠው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የአሮጌው ሞተር ቁጥር ነው። ቢያመሳክረው መኪናዋ ጣቢያ ትገባለች፣ እናቴም ልጇን ሳታይ ትቀራለች። ሰዓቴን አየሁ። ስምንት አልፏል።

እናቴ ከፊት ወንበር በመስኮቱ ብቅ አለች። «የኔ ልጅ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ ካልከን አራት ማርሽ አላት። ወደፊት ያላት ግን አንድ ነው። እሱን አትንሣን። ልጄ አገር ሊለቅ ነው፤ አልመረቅኩትም።»

ትራፊኩ ግራ ገብቶት ወልዴን አየው። ወልዴ የሞተሩን ነገር ሳይደብቅ ነገረው። ሰውየው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ይቺማ አድኃሪ ናታ!» አለ። አለቀልን አልኩ። ቀና ሲል ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ሊብሬውን ሳይገልጥ መለሰለት። ከዚያ መስቀለኛው መሃል ገብቶ በየአቅጣጫው ያለውን መኪና ሁሉ አቆመና እጁን ዘረጋልን።

«እንዳትቆም! ወደፊት!»

ያንን ቃል በየስብሰባው ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ደስ ብሎኝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አየር ማረፊያ ስንደርስ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ወልዴ እናቴን አዝሎ ሮጠ። ሰሎሞን ሲያያት ከሰልፉ ወጣ። ራሱን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችው። በመጨረሻም «ኋላ ማርሽህንም አትርሳ» አለችው። ምን እንዳለችው አልገባውም። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፤ ኋላ በደብዳቤ ጻፍኩለት።

ጋሽ ዘርጋው ካምቢዮውን በሳምንቱ አስተካከሉት። ወልዴም እኔንና እናቴን ይዞ የኮተቤን ዳገት ሳይቆም ወጣ። እናቴ ከዚያ በኋላ የኖረችው ሁለት ዓመት ነው። ሰሎሞን በሕይወት አላገኛትም። ትምህርቱን ጨርሶ የመጣ ዕለት አልቅሶ ሲያበቃ፣ «ኋላ ማርሹ ግን ሠራ፤ ይኸው ተመለስኩ» አለኝ።

ሰይቼንቶዋን ሸጥናት። ወልዴም ካረፈ ቆይቷል። አሁን የምኖረው ቦሌ፣ ሴት ልጄ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ከግቢ ወደ ኋላ ስታወጣ ድምፁን እስኪጠፋ እሰማዋለሁ።

የዚያን ትራፊክ ስም አልጠየቅነውም። ከኦሎምፒያ በኋላ ምን እንደሆንን አያውቅም። በሕይወት ካለና ይህን ካነበበ፣ እናቴ እንደደረሰች ይወቅልኝ።