ዳፍንት የያዛቸው ታንኳ ሠሪ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር በምኖርበት በሹም አቦ ሰፈር አንዲት ጎረቤቴ ስለ እናቷ ስታጫውተኝ፣ «አቅም የላቸው፣ ምግብ አይበሉ፤ እንግዲህ እርጅና ነዋ!» አለችኝ። ነገር ሁሉ በእርጅና ሲሳበብ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አያቴ አባባ እንድሪስ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ባሕር ዳር የነርስ ተማሪ ነበርሁ። ለክረምቱ እረፍት ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ ቀዬዬ ደልጊ ስገባ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጣናም በጎርፍ ደፍርሷል። አባባ በአካባቢው የታወቁ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ያን ዓመት ግን ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል የሚያጭዱበት ማጭድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝጎ አገኘሁት።

«ምነው?» አልሁት አጎቴን ሰይድን።

«ሲመሽ አያዩም። ሐይቁ ዳር ወድቀው ለጥቂት ተረፉ። ከእንግዲህ ከቤት አይወጡም ብለናል። ለዕድሜ መድኃኒት የለው።»

ቀን ቀን ግን አባባ ከሩቅ የሚመጣ ታንኳ የማን እንደሆነ ይለያሉ። ይህ ነው የከነከነኝ።

«አባባ፣ ምን ይመገባሉ?»

«እንጀራ በበርበሬ። ይበቃኛል።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣው ለገበያ ነው፤ የተረፈው ለልጆቹ። እኔ እንደሁ ጥርስ የለኝ። አያትሽ በነበረች ጊዜ እሾሁን ለቅማ ታበላኝ ነበር።»

ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ «ዳፍንት ነው፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት» አለና እንክብል ሰጣቸው። የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። አጥማጆች ለወፍ የሚጥሉትን የዓሣ ጉበት እየለመንሁ በሽንኩርት ጠበስሁ፤ የጓሮ ጎመን በዘይት አለስልሼ አበሰልሁ።

«ኮሌጅ የላክንሽ የወፍ ምግብ ልታበይን ነው?» አለ ሰይድ።

አባባ ሳቁ። «አምጪ ልጄ፤ ወፉ እኮ ሲመሽ አይደናበርም!»

ጳጉሜን ሲገባ፣ አንድ ቀን ማምሻውን ደጅ ተቀምጠናል። ሐይቁ ጠቁሯል። አባባ ድንገት ብድግ አሉ።

«ያ የሚመጣው ሰይድ አይደለም? ታንኳው አጋድሏል! ማነው እንዲህ አድርጎ ያሰረው?»

እኔ እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ግን በታንኳው አሠራር ተናደው ነበር። በማግስቱ ማጭዱን አውርደው፣ ስለው፣ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ላገኙት ሰው ሁሉ፣ «ዓይኔን የሰጠኝ አላህ፤ ያስመለሰችልኝ የልጅ ልጄ» ይሉ ነበር።

ዛሬ እኔም በእሳቸው ዕድሜ ላይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አስታምሜያለሁ፤ ምስጋናም አላጣሁም። ኩራት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን ያኔ ነው፦ የደልጊ ገበያ ተበትኖ ሲመሻሽ፣ አባባ ማንም ሳይመራቸው ከፊት ከፊት ሲራመዱ፣ እኔ ከኋላቸው ስከተል።