ጠያቂ ስሸኝ የነዘረው ሰዓት

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ከምሠራበት የጨርቅ ሱቅ ፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስራመድ መንጋጋዬን አመመኝ። ጥርስ መሰለኝ። ቆም ስል ይተወኛል፤ ስራመድ ይመለሳል። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይዤ ስጠብቅ፣ አንድ ጠዋት ጥቅል ጨርቅ ሳነሳ ላብ አጠመቀኝ። ጀርባዬ ከበደኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቋ አምቡላንስ ጠራች።

ሃርት አታክ ነው አሉኝ። የተዘጋውን የደም ሥር ከፍተው፣ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚይዝ ስቴንት የሚሉት ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገቡልኝ። ነቅቼ ነበር። ጣሪያውን አየሁ። ሸሃዳዬን አልኩ።

አልሐምዱ ሊላህ፣ ተረፍኩ። ሐኪሜ ካርዲያክ ሪሃብ ወደሚባለው፣ የተጎዳ ልብ በስፖርት ቀስ በቀስ ወደሚጠነክርበት ክፍል ላከኝ። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘይነብ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዛችልኝ።

ሐኪሜ ሰዓቱን አይቶ፣ «በዕድሜሽ አስልቶ የሚሰጥሽን ቁጥር ተይው» አለኝ። «የምትወስጂው ቤታ ብሎከር የሚባለው መድኃኒት የልብሽን ምት ዝቅ ያደርገዋል። የአንቺ ገደብ እያስራመድን ልብሽን ከለካንበት ከስትሬስ ቴስትሽ ያገኘነው ነው፤ በደቂቃ መቶ አሥር ምት።» ሰዓቱንም ከዚያ ሲያልፍ እንዲነዝረኝ አድርጎ ሞላልኝ።

ሪሃብ ውስጥ ትሬድሚሉ፣ የመራመጃው ማሽን ላይ ሰዓቴ ዝም ይላል። ቅዳሜ ቤቴ ስውል ግን ደጋግሞ ይነዝረኛል። «ይሄ ሰዓት ቅዳሜን አይወድም መሰለኝ» ትላለች ዘይነብ። የተበላሸ መሰለን። ሰኞ ወደ ሪሃብ ስመለስ ልምምዱን መጨረስ እያቃተኝ መጣ። እግሬ ማበጥ ጀመረ።

የሪሃቧ ነርስ ስልኬ ላይ የተመዘገበውን ተመለከተች።

«ቅዳሜ ምን ስፖርት ነው የምትሠሪው?»

«ምንም። ጠያቂ ነበረኝ። ተቀምጬ ነው የዋልኩት።»

«ሲሄዱስ?»

«እሸኛቸዋለሁ።»

«እስከ የት?»

«እስከ መኪናቸው።»

ስንተኛ ፎቅ እንደምኖር ጠየቀችኝ። ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። እንግዶቹ «በአላህ ተመለሽ» ይሉኛል፤ እኔም «እዚችው ድረስ ነው» እያልኩ ታች እደርሳለሁ። አንዱን ሸኝቼ ስወጣ ሌላው ይነሳል።

ነርሷ ሐኪሙን ጠራችው። አልተቆጣም።

«የልብሽ ጡንቻ ገና እያገገመ ነው» አለኝ። «ደግመሽ ብትወድቂ እንደ መጀመሪያው ላንደርስልሽ እንችላለን።»

ሞትን ፈራሁ። ግን የመጣልኝን ሰው ሶፋ ላይ ሆኜ «ደህና ሁን» ማለቱም ከበደኝ። ለዘይነብ ነገርኳት።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ወራት ቀስ ብለው አለፉ፤ መጀመሪያ በትሬድሚል፣ በኋላ ብሩክሄቨን ባለው መናፈሻ ዛፎቹ ሥር፣ ሰዓቴን እያየሁ ፍጥነቴን ስጨምርና ስቀንስ፣ ልቤ እንደገና የራሴ እየሆነች መጣች። ወደ ሥራዬም ተመለስኩ። ያከሙኝን፣ ሾርባ ይዘው ደረጃውን የወጡትን ሁሉ አላህ ጤና ይስጥልኝ።

እናንተም ይህ ሕመም ከደረሰባችሁ፣ ገደባችሁን ከሐኪም ተቀበሉ እንጂ ከሰዓቱ አትውሰዱ። ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጉት፤ ከላላ ይሳሳታል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ደረታችሁን ወይም መንጋጋችሁን ካመማችሁ ግን ሰውነታችሁን እመኑ፤ አምቡላንስ ጥሩ። ለሐኪማችሁም ስፖርታችሁን ብቻ ሳይሆን ውሏችሁን ንገሩት። እኔ ሽኝት ሥራ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ከነገረኝ በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ እንግዶቹ ሲነሱ እኔም ልነሳ አልኩ። ዘይነብ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ጉልበቷ ተጎድቷል፤ ደረጃ አይሆናትም። ነጠላ ጫማዋን አደረገች፤ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ አንድ አንድ ደረጃ እየወረደች እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ በአንድ እጇ ጉልበቷን እያሸች በሌላው እጄን ስባ ሰዓቴን አየች።