ቤዛ ኮምፒውተሩን ያጸዳችበት ቅዳሜ

እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ቤዛ ከፊቴ ወንበሩ ላይ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ትርንጎ ደግሞ በሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁልጊዜ እንዲህ ነበርን። ከጠረጴዛው ሥር የኮምፒውተሩ ማራገቢያ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ስክሪኑ እስኪበራ ድረስ ሦስታችንም አንናገርም ነበር። በቅርቡ አንድ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ ከካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል ያንኑ ድምፅ ሰማሁና ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ፣ ተራዬም አለፈኝ።

ስለ ራሴ ልጅነት የምጽፈው ብዙ የለኝም። ከቅርብ ሆኜ ያየሁት ልጅነት የልጅ ልጄን የቤዛን ነው፤ ለቡ ሰፈር፣ ዙሪያችን ሁሉ ገና ሲገነባ፣ ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ያለፈውን። እናቷ አስቴር ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ቤዛ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ፣ ለቤት ሠራተኝነት አረብ አገር ሄደች። ከመሄዷ በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝታ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋው መጥታ፣ እየተያየን የምናወራበትን ፕሮግራም ራሷ ከፈተችበት። ለእኛ የቀረልን ቁልፉን መጫን ብቻ ነበር። «አደራ፣ ይሄን ጠብቂልኝ» አለቻት ልጇን፣ «እሱ ከሠራ እኔ ሩቅ አይደለሁም።» ቤዛ ይህን ቃል እንደ ሕግ ያዘችው።

ዕቃውን ያየልን መካኒሳ አቦ አጠገብ ትንሽ ሱቅ የነበረችው ሰለሞን የሚባል ጠጋኝ ነበር። የጎን ሽፋኑን ፈትቶ ውስጡን ሲያይ በሳቅ ፈነዳ። «ማዘር፣ ይሄ ነገር የኖረው ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ነው እንዴ?» ከዚያ ሳቁን ትቶ ወደ ቤዛ ዞረ። «ስሚ የኔ ቆንጆ፣ አርጅቷል፤ በየሳምንቱ ካልተንከባከብሽው አንድ ቀን ይተኛብሻል።» ምን ማድረግ እንዳለባት አንድ በአንድ አሳያት፤ እሷም አንድም ሳትስት ደግማ አሳየችው።

የመጀመሪያው በጋ የአቧራ ነበር። አሸዋና ጠጠር የጫኑ መኪናዎች በደጃችን ሲያልፉ መስኮት ብንዘጋም እንጀራው ሳይቀር ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቤዛ ዩኒፎርሟን አጥባ አስጥታ ትገባና ሶኬቱን ነቅላ፣ ሽፋኑን ፈትታ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጋ፣ ብሩሹ የማይደርስበትን በብስክሌት መንፊያ ትነፋው ነበር። ከዚያ አብርታ ቫይረስ ታስፈትሻለች፣ የተጣሉትን ፋይሎች ጨርሳ ታጠፋለች፣ በመጨረሻም ሰለሞን የጫነላትን የማጽጃ ፕሮግራም ከፍታ ዕቃው ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ያጠራቀመውን ትራፊ ታስወግዳለች። የሠራሁትን ዳንቴል ባለብሰው «እማማ፣ ይታፈናል እኮ!» ብላ ገፈፈችው። የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ዘፈን ሊጭን ፍላሹን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ትመልሰው ስለነበር እናቱ «አንቺ ልጅ፣ ባንክ ነው እንዴ የምትጠብቂው?» ትላት ነበር። ቤዛ አትስቅም ነበር።

በዚያ በጋ አስቴር ነጭ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ታወራናለች፤ ደብተር አሳዪኝ ትላለች፣ ጥርስሽ በቀለ ወይ ትላለች፣ እኔን ደግሞ ሻይ አታብዢ ብላ ትቆጣኛለች። ፊቷ ሞላ ብሎ ነበር።

ክረምት ሲገባ የነበረችበት ቤት ሰዎች ወደ ሌላ አገር ሊዛወሩ ሆነና ለሌላ ቤት አሳለፏት። አዲሶቹ አሠሪዎች ስልኳን ወሰዱባት። ከዚያ ወዲህ የምትደውልልን ከቤቱ ትንሽ ልጅ ታብሌት ላይ ነበር፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ። ውኃው ከእሷ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር።

«እማዬ፣ ለምን መብራት አታበሪም?» አለቻት ቤዛ አንድ ቀን።

«እንዲሁ ይሻለኛል የኔ ማር። ሰዎቹ ተኝተዋል።»

በእኛም በእነሱም ሰዓት ቀትር ነበር።

ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። አስቴር አፏን እንደ ከፈተች ትቀራለች፣ ወይም ዓይኗ ወደ ጎን ወደ በሩ እንዳየ ይደርቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቤዛ ወደ እኔ ዞራ «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ነው፤ ቀርፋፋ ሆኗል። አስተካክለዋለሁ» ትላለች። ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ከእንቅልፏ እየተነሣች ሶኬት ትነቅል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ የነበረው ጽዳት እስከ ቀትር፣ ከዚያም እስከ ማታ ሆነ። ጨዋታዎቹን አጠፋች፣ የምትወዳቸውን የካርቱን ፊልሞች አጠፋች። ፍጥነቱ በእርግጥ ጨመረ፤ ቀድሞ ከፍቼው ሽንኩርት የምልጥበት ጊዜ ነበረኝ፣ አሁን እጄን ሳልታጠብ ይበራ ነበር። የአስቴር ምስል ግን ያው ነበር።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ወይዘሮ ትርንጎ አዋሳ ካለው ወንድሟ ጋር እንድታወራ ከስንት ልመና በኋላ ቤዛ ፈቀደችላት። ሰውየው ከነጥርሱ ከነሳቁ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ አወራት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለኛ ሲሆንስ ምነው አልቆረጠ?» አለችኝ። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ችግሩ ከእኛ ቤት እንዳልሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ አወቅሁ፤ ለቤዛ ግን ብሩሽና መንፊያዋን ይዛ ስትቀመጥ ምን ብዬ እንደምነግራት አላወቅሁም።

በታኅሣሥ አንድ እሁድ አስቴር ለቤዛ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ «እናቴ፣ ቅረቢ» አለችኝ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ከንፈሯ በአንድ በኩል አብጦ ነበር።

«የሚመጣው እሁድ፣ ልክ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ታብሌቱን አላገኘውም፣ የቤቱን ልጅ ከነታብሌቷ አያቷ ጋ ሊወስዷት ነው። የምልሽን ትሰሚኛለሽ፣ ወዲያው ለአንዲት ሴት ትደውዪልኛለሽ። እንዳትጠፉብኝ።»

«አሁን ንገሪኝ እንጂ» አልኳት።

«ገና ነው፤ እስከዚያ የማገኘው ነገር አለ።» ዞር ብላ አየች፤ ውኃው ቆመ፣ ምስሉም ጠፋ።

ቤዛ ያን ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልተጫወተችም። ቅዳሜ የተለመደውን ሁሉ ጨርሳ ስታበቃ ተነሥታ ትሄዳለች ስል እንደገና ተቀመጠች። «ነገ አንዴም እንዲቆም አልፈልግም» አለችኝ። በማጽጃው ፕሮግራም ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ትናንሽ ሣጥኖች ተደርድረው ነበር፤ ሰለሞን የላይኞቹን ብቻ ንኪ ብሏት ነበር፣ የታችኞቹ ምን እንደሆኑ አልነገራትም። እሷ ሁሉንም ነካቻቸው። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሄዶ ሞላ። «ስንት ነገር ይዞ ኖሯል!» አለች፣ ከዚያ አጥፍታ አበራችው። «እማማ፣ እዪው፣ እንደ አዲስ ሆነ!» እውነትም እንደ አዲስ ሆኖ ነበር። ያን ማታ እራቷን በደንብ በላች።

እሁድ ሦስታችንም በየቦታችን ነበርን። ቤዛ የመደወያውን ፕሮግራም ስትከፍት የእናቷ ፎቶ ያለበት ገጽ አልመጣም፤ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቁ ሁለት ባዶ ቦታዎች መጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

አስቴር ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ አስገብታው፣ ዕቃው ይዞት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር። ዕቃው የያዘውን ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ከትራፊው ጋር አስወግዳዋለች። የእናቷን ስም ጻፈች፣ የራሷን ጻፈች፣ የእኔን፣ የልደቷን ቀን። ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፣ ታጠፋዋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ለሰለሞን ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ከበሩ «ስድስት ሆነ እኮ» አለች። «ውጪ አንቺ» አልኳት፤ እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም ነበር። ወጣች። ማራገቢያው ያለ አንዳች እንቅፋት፣ ለስለስ ብሎ ይዞር ነበር። ሰባት ሰዓት ሲሆን ቤዛ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች።

ሰኞ ሰለሞን መጣ። ፓስወርዱን ከአስቴር በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነገረን፤ አዲስ ስም ከፈተልን፣ ነገር ግን በአዲሱ ስም እሷ እኛን አታውቀንም፤ እኛም የታብሌቱን ስም አናውቀውም፣ በአረብኛ የተጻፈ ነበር። ሊሄድ ሲል ዕቃውን ደባብሶ «እሱስ በጣም ጤነኛ ነው» አለ። «አንቺ ነሽ እንዲህ ያጸዳሽው? ጎበዝ ነሽ!» ቤዛ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ጥር አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካም ሆነ። አስቴርን ያስኬዳት ደላላ ስልክ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ በኋላ መጥራቱንም ተወ። ቢሮውን ፍለጋ ሄጄ በሩ ላይ ሌላ ሰው ጫማ ሲሸጥ አገኘሁ። ቤዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጽዳቱን አቆመች፤ እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻ አብርታው፣ ፓስወርድ የሚጠይቀውን ባዶ ቦታ እያየች ትቀመጣለች። አቧራውን እኔ በጨርቅ እጠርግ ነበር። ትምህርት ቤት የጠሩኝ ልጅቷ አትናገርም ብለው ነው።

አስቴር የመጣችው በሐምሌ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አንድ ፌስታል ይዛ ነው። የቀኝ እጇ ጣቶች አይጨበጡም ነበር። ልጇን አቅፋ ለረጅም ጊዜ ቆየች፣ ከዚያ ተኛች፣ ብዙ ቀን ተኛች። ስትነቃ ከቧንቧው ውኃ ሲወርድ ከሰማች ተነሥታ ትዘጋው ነበር። እኔ አልጠየቅኋትም፤ ቤዛ ሻይ ታመጣላታለች፣ ፎጣ ታቀብላታለች፣ እኔንና እናቷን ብቻችንን ስታየን ግን ወደ ደጅ ትወጣለች።

ዛሬ ሁለቱም እዚሁ ናቸው፤ ቤዛ አድጋ ሥራ ይዛለች። ዛሬ ሁሉም ሰው ስልኩን በኪሱ ይዞ ይዞራል፣ መንገድ ላይ እየሄደ ሩቅ አገር ካለ ሰው ጋር ፊት ለፊት ያወራል፣ እኛ ያኔ ለአንድ ቀትር ብለን ሳምንት እንጠብቅ ነበር። የቤዛ ስልክ ሞልቶ ይንቀራፈፋል። አንዱን ነገር እስኪከፍት ድረስ ባልደረቦቿ ይስቁባታል፤ አጽጂ፣ አስወግጂ እያለ ራሱ ስልኩ ይጠይቃታል። አንድም ነገር ስታጠፋ አይቼ አላውቅም። ያኔ ልጅ በነበረችበት ጊዜ ግን በቤታችን ከእሷ እጅ የሚያመልጥ አቧራ አልነበረም።

አስቴር በተመለሰችበት ክረምት፣ በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አስቴር አልጋው ላይ ተደግፋ፣ እኔ እግርጌ ተቀምጬ፣ ቤዛ በሩ አጠገብ ምስር እየለቀመች። አስቴር ሳንጠይቃት ጀመረች።

«ያን እሁድ የጓሮውን በር ቁልፍ አግኝቼ ነበር። እዚያው ከተማ የምትኖር ያገራችን ሴት ነበረች፣ መኪና ይዛ እንድትጠብቀኝ አንቺ እንድትደውዪላት ነበር። ያለ መኪና የትም አይኬድም። ታብሌቱ ባትሪው እስኪያልቅ ደወልኩ።» ጣቶቿን አየቻቸው። «ይሄ ከዚያ በኋላ የሆነ ነው። ምን ሆናችሁ ነበር?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር» አልኩ።

በእኛ ሰፈር ይህን የሚጠራጠር ሰው የለም። አስቴርም ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን ከደነች።

«አልጠፋም ነበር» አለች ቤዛ።

ሁለታችንም ዞርን። ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ነበር።

«እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ኮምፒውተሩን አጸዳሁት።»

አስቴር አልገባትም። «ከምን አጸዳሽው?»

«ከማያስፈልግ ነገር።»

አስቴር አፏን ከፈተች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር፤ ቤዛ መልስ አልጠበቀችም፣ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች።